የጌጣጌጥ ማያያዣዎች አመራረጥና አገጣጠም

በእጅ የሚሠራ ሐብል፣ ጉትቻ ወይም አምባር ሁለት ወገን አለው። አንደኛው ዓይን የሚያርፍበት ዶቃ፣ ድንጋይ፣ መስቀል ወይም ሳንቲም ነው። ሁለተኛው እነዚህን እርስ በርስና ከለባሹ ጋር የሚያገናኘው ጥቃቅን ዕቃ ነው፦ ማያያዣ ቀለበት፣ መቆለፊያ፣ የጆሮ መንጠቆ፣ ባለራስ ሽቦ፣ ማሠሪያ ቱቦ፣ ማንጠልጠያ፣ የገመድ ጫፍ መያዣ። ጌጥ ተበላሸ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸው ይኸው ሁለተኛው ወገን ነው። ስለሆነም ማያያዣ የሚመረጠው ዶቃው ተደርድሮ ካለቀ በኋላ ሳይሆን ሥራው ሳይጀመር ነው። ሲመረጥም ጥንካሬው ብቻ አይታይም፤ ጌጡ በድንገት ቢሳብ የቱ ቦታ ቀድሞ ቢለቅ እንደሚሻል አብሮ ይወሰናል። ዶቃው መንገድ ላይ ከሚበተን ወይም የጆሮ ሥጋ ከሚቀደድ ይልቅ አንዲት ቀለበት ብትከፈት ይሻላል፤ ቀለበቷ በሁለት ፒንሳ ወዲያው ትመለሳለች።

ክብደትና ልክ

መጀመሪያ ዕቃው ይመዘናል። ለሐብል የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን ይበቃል፤ ለጉትቻ ግን የግራም ክፍልፋይ የሚያሳይ ትንሽ ሚዛን ያስፈልጋል። ሚዛን ካልተገኘ በስሌት መገመት ይቻላል። 10 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ክብ የመስተዋት ዶቃ 1.3 ግራም ገደማ ነው። በዚያው ልክ የተሠራ፣ ውስጡ ያልተቦረቦረ የብር ዶቃ ከ5 ግራም ያልፋል፤ አምበር ግን 0.6 ግራም እንኳ አይሞላም። እንዲህ ከሆነ 45 ሳንቲሜትር የሚረዝም የ10 ሚሊሜትር መስተዋት ዶቃ ሐብል 45 ዶቃ ይዞ ወደ 60 ግራም ይጠጋል። ማርትሬዛ ብር የሚንጠለጠልበት ሐብል ደግሞ ሌላ ሒሳብ አለው። ሳንቲሙ ብቻውን 28 ግራም ይመዝናል፤ ይህ ሁሉ ክብደት በአንዲት ቀለበት ላይ ያርፋል፣ ለባሹ በተራመደ ቁጥርም ይወዛወዛል። ስለዚህ 60 ግራም ከሚመዝነው የዶቃ ሐብል ይልቅ በማንጠልጠያው ላይ ክፉ የሆነው ይኸኛው ነው።

ቀጥሎ ርዝመት ይለካል። አንገት ሥር የሚያርፍ ሐብል ከ40 እስከ 45 ሳንቲሜትር ይሆናል፤ ደረት ላይ የሚወርድ መስቀል ከ55 ሳንቲሜትር በላይ ይፈልጋል። የመቆለፊያውና የሁለቱ ጫፍ ቀለበቶች ርዝመት ከጠቅላላው ላይ ይቀነሳል፤ ይህ ሲዘነጋ ሐብሉ ከታሰበው 2 ወይም 3 ሳንቲሜትር ይረዝማል። ለባሹ ማን እንደሆነ ካልታወቀ 5 ሳንቲሜትር የሚሆን ማራዘሚያ ሰንሰለት ከአንዱ ጫፍ ይቀጠላል።

ለአምባር ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። በቀጭን ሰንሰለት ለሚሠራ አምባር ከአንጓ ልክ ላይ 1.5 ወይም 2 ሳንቲሜትር መጨመር በቂ ነው። በዶቃ ለሚሠራ ግን ገመዱ የሚያልፈው በዶቃው መሐል ስለሆነ፣ አምባሩ ሲከበብ የውስጥ ዙሪያው ከተዘረጋው ርዝመት ያንሳል። የሚያንሰውም የዶቃው ስፋት በ3.14 ሲባዛ በሚገኘው መጠን ነው። በ10 ሚሊሜትር ዶቃ የተሠራ፣ ጠረጴዛ ላይ 19 ሳንቲሜትር የሚለካ አምባር እጅ ላይ ሲውል ውስጡ 16 ሳንቲሜትር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ 16 ሳንቲሜትር ለሆነ አንጓ ርዝመቱ ወደ 20 ሳንቲሜትር ይደረጋል።

ብረቱና ቆዳው

ማያያዣ በቀለም ብቻ አይመረጥም። በመጀመሪያ የሚጠየቀው የትኛው ክፍል ቆዳ ውስጥ ያልፋል፣ የትኛውስ ቆዳ ላይ ያርፋል የሚለው ነው። ብዙ ሰውን የሚያሳክከው ኒኬል ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣውና በኋላም ባጠበቀው ሕግ፣ ቆዳ ላይ ለረጅም ጊዜ የሚያርፍ ዕቃ በሳምንት በ1 ካሬ ሳንቲሜትር ከ0.5 ማይክሮግራም በላይ ኒኬል እንዳይለቅ፣ በተበሳ ጆሮ ውስጥ የሚያልፈው ደግሞ ከ0.2 እንዳይበልጥ ወስኗል። ጀርመን ሲልቨር የሚባለው ነጭ ቅይጥ በስሙ ብር ቢባልም መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ እንጂ ብር የለበትም፤ ለጆሮ መንጠቆ አይሆንም። 316ኤል የሚባለው አይዝጌ ብረት ኒኬል በውስጡ ቢኖርም የሚለቀው በጣም ጥቂት ስለሆነ አብዛኛው ሰው ይችለዋል። ቆዳው በጣም ለሚቆጣ ሰው ቲታኒየም ወይም ኒዮቢየም ይሻላል።

925 ብር ከ1000 እጅ 925ቱ ብር፣ ቀሪው በአብዛኛው መዳብ የሆነ ቅይጥ ነው። ለመጠምዘዝ የሚመች፣ ሊበየድ የሚችል፣ ሲጠቁርም የሚወለወል በመሆኑ ለጀማሪም ለባለሙያም ተስማሚ ነው። ማርትሬዛው ከ1000 እጅ 833 ብር ስለሆነ፣ ከእርሱ ቀልጦ የተሠራ የቆየ የአንገት መስቀል ከአዲስ 925 ቀለበት አጠገብ ሲውል በቀለም ጥቂት ቢለይ አያስገርምም። ወርቅ በሚመረጥበት ጊዜ ካራቱ ከፍ ባለ መጠን ለስላሳነቱም እንደሚጨምር መታወስ አለበት። 21 ካራት ከመቶ 87.5 ወርቅ ነው፤ ያማረ ቀለም ቢኖረውም ቀጭን ቀለበትና መንጠቆ ሆኖ ሲሠራ ቶሎ ይለጠጣል። ለማያያዣዎች 18 ካራት ወይም ከዚያ በታች ያለው ይጠነክራል።

ወርቅ ቅብና ጎልድ ፊልድ የሚባሉት አንድ አይደሉም። በአሜሪካ ገበያ 1/20 የሚል ምልክት ያለበት ጎልድ ፊልድ ከክብደቱ ከመቶ 5 እጁ በሙቀትና በግፊት የተለበደ ወርቅ ነው፤ በየቀኑ ቢለበስም ዓመታት ይቆያል። ተራ ቅብ ግን እጅግ ስስ በመሆኑ ከላብና ከሰበቃ ጋር ይለቅቃል፤ በተለይ መቆለፊያና ቀለበት እርስ በርስ የሚፋተጉ ስለሆኑ ቀድመው የሚገረጡት እነርሱ ናቸው። ገንዘብ ሲያጥር ሰንሰለቱ ቅብ ቢሆን እንኳ የጆሮ መንጠቆውና መቆለፊያው ከተሻለው ቢገዛ ይሻላል። ዋጋው በማይታመን መጠን የረከሰ ከባድ ግራጫ ቅይጥ እርሳስ ወይም ካድሚየም ሊኖርበት ስለሚችል ለልጆች ጌጥ ፈጽሞ አይውልም።

ለመፈተን ማግኔት ጠቃሚ ነው። ብር፣ ወርቅ፣ መዳብና ናስ በማግኔት አይሳቡም፤ ከቅቡ ሥር ተራ ብረት ካለ ግን ዕቃው ዘልሎ ይጣበቃል። እውነተኛ የብር መቆለፊያ በጥቂቱ ቢሳብ ሐሰተኛ ነው ተብሎ አይጣልም፤ በውስጡ ያለው ሞላ ብዙውን ጊዜ የብረት ነው።

ማያያዣ ቀለበት

ከሁሉም ይልቅ ትኩረት የሚሻው ይህ ክፍል ነው፤ ርካሽ በመሆኑ ይናቃል፣ ሥራው ሁሉ ግን በእርሱ ይያያዛል። ቀለበት ሲገዛ ሁለት ቁጥር ይታያል፤ የሽቦው ውፍረትና የክቡ ስፋት። ስፋቱን አንዳንዱ ሻጭ ከውጭ ወደ ውጭ፣ አንዳንዱ ከውስጥ ወደ ውስጥ ስለሚለካ ጠይቆ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በአሜሪካ ውፍረት በጌጅ ይጻፋል፤ ቁጥሩ ሲያድግ ሽቦው ይቀጥናል። 18 ጌጅ 1 ሚሊሜትር፣ 20 ጌጅ 0.8፣ 22 ጌጅ 0.64፣ 24 ጌጅ ደግሞ 0.5 ሚሊሜትር ገደማ ነው።

የቀለበት ጥንካሬ የሚመጣው ከውፍረቱ ብቻ አይደለም፤ ከውፍረትና ከስፋት ንጽጽር ነው። የውስጥ ስፋቱ ከሽቦው ውፍረት ከ5 እጥፍ ባይበልጥ ጥሩ ነው። ከ1 ሚሊሜትር ሽቦ የተሠራ 4 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ቀለበት በእጅ አይከፈትም፤ ከ0.6 ሚሊሜትር ሽቦ የተሠራ 8 ሚሊሜትር ቀለበት ግን ሹራብ ሲነካው ይለቅቃል። ለቀላል ጉትቻ ከ0.6 እስከ 0.8፣ ለሐብል መቆለፊያ ከ0.8 እስከ 1 ሚሊሜትር ውፍረት ይያዛል። ለማርትሬዛና ለከባድ መስቀል 1.2 ሚሊሜትር ወይም አፉ የተበየደ ቀለበት ይሻላል።

አከፋፈቱ አንድ ብቻ ነው። ቀለበቱ አፉ ወደ ላይ ሆኖ በሁለት ጠፍጣፋ አፍ ፒንሳዎች በግራና በቀኝ ይያዛል፤ ከዚያ አንዱ እጅ ወደ ሠሪው፣ ሌላው ወደ ፊት ይጠመዘዛል። ክቡ ክብነቱን ሳይለቅ አፉ እንደ በር ወደ ጎን ይከፈታል። ሁለቱን ጫፎች ወደ ግራና ቀኝ መለርቀቅ ክቡን ወደ እንቁላል ቅርጽ ይለውጠዋል፤ እንዲህ የተለረቀቀ ቀለበት ዳግመኛ በትክክል አይገጥምም፣ መጣሉ ይሻላል። ሲዘጋ ደግሞ ጫፎቹ እርስ በርስ ወደ ውስጥ እየተገፉ በጥቂቱ ከመገናኛቸው አልፈው ይሄዱና ይመለሳሉ። ሁለትና ሦስት ጊዜ ሲመላለሱ ብረቱ ይደድራል፣ ጫፎቹም ሲፋተጉ ቀጭን ድምፅ ይሰማል። መዘጋቱ የሚታወቀው በዓይን አይደለም፤ ጥፍር መገጣጠሚያው ላይ ሲሄድ ካልተደናቀፈ፣ ቀጭን የስፌት ክርም በመሐሉ ካላለፈ ተዘግቷል። ጥርስ ያለው ተራ ፒንሳ ብሩን ስለሚቧጥጥ አፉ ለስላሳ የሆነ ይመረጣል፤ ካልተገኘ አፉ በፕላስተር ይጠቀለላል። ከኤሌክትሪክ ገመድ የተላጠ መዳብ ለልምምድ በቂ ነው።

ቀለበት በቤትም ይሠራል። ሽቦው ለስላሳ በሆነ ምስማር ወይም በሹራብ መሥሪያ መርፌ ላይ ክፍተት ሳይኖር ይጠመጠማል፣ ጥምጥሙም በቀጭን የአንጥረኛ መጋዝ በርዝመቱ ይቆረጣል። በመቁረጫ ፒንሳ መቁረጥ ይፈጥናል፤ ነገር ግን ፒንሳው አንዱን ጫፍ ጠፍጣፋ፣ ሌላውን ሹል አድርጎ ይተዋል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ቁራጭ በኋላ ፒንሳው ተገልብጦ ሹሉ ጫፍ መልሶ መቆረጥ አለበት። ይህ ያልተደረገለት ቀለበት የቱንም ያህል ቢጨመቅ ክር ማሳለፉ አይቀርም።

ባለራስና ባለዓይን ሽቦ

ዶቃን ከሰንሰለት ወይም ከጆሮ መንጠቆ ላይ ለማንጠልጠል ጫፉ እንደ መርፌ ራስ የተደፈነ ሽቦ ይወሰዳል፤ ከላይም ከታችም የሚያያዝ ዶቃ ከሆነ ጫፉ የተቆለመመ ባለዓይን ሽቦ። የሽቦው ውፍረት በዶቃው ቀዳዳ ይወሰናል። የዕንቁ ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ከ1 ሚሊሜትር ያንሳል፤ የቆዩ የብር ዶቃዎች ቀዳዳ ደግሞ ሰፊ ስለሆነ የሽቦው ራስ ያልፍበታል። እንዲህ ሲሆን ከሥር ትንሽ ዶቃ ወይም ቆብ ይገባል።

ቀላሉ ዓይን እንዲህ ይሠራል፦ ከዶቃው በላይ 8 ወይም 10 ሚሊሜትር ሽቦ ተትቶ ይቆረጣል፣ ከዶቃው ራስ ላይ ቀጥ ብሎ ወደ ጎን ይታጠፋል፣ ከዚያም በክብ አፍ ፒንሳ ጫፉ ተይዞ ወደ ተቃራኒው ይጠቀለላል። ክቡ ከዶቃው መሐል በትክክል በላይ መቆም አለበት፤ ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ መጀመሪያ የተደረገው እጥፋት አንሷል ማለት ነው። ከ0.8 ሚሊሜትር ለሚቀጥን ሽቦ፣ ለከባድ ዶቃና ውድ ለሆነ ድንጋይ ግን የተጠመጠመው ዓይን ይመረጣል። ከዶቃው በላይ ከ3 እስከ 4 ሳንቲሜትር ሽቦ ይተዋል፤ 2 ሚሊሜትር ያህል አንገት ቀርቶለት ይታጠፋል፣ ክቡ ይሠራል፣ ከሰንሰለቱም ጋር የሚያያዝ ከሆነ አሁኑኑ ይገባል። ክቡ በፒንሳ ተይዞ ትርፉ ሽቦ በአንገቱ ዙሪያ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይጠመጠማል፤ ጫፉ ከሥሩ ተቆርጦ ወደ ውስጥ ይጫናል። ይህ ዓይን ከተዘጋ በኋላ ሳይቆረጥ አይከፈትም፤ ሰንሰለቱን አስቀድሞ ማስገባት የተዘነጋ እንደሆነ ሥራው እንደገና ይጀመራል።

ገመድና ማሠሪያ ቱቦ

ዶቃ የሚሰካበት ገመድ ከዶቃው ጠባይ ጋር ይስማማል። ቀዳዳው ስለታም የሆነ የብር፣ የናስ ወይም የድንጋይ ዶቃ የጥጥም የሐርም ክር ይቆርጣል፤ ለእነርሱ በናይሎን የተሸፈነ፣ ከብዙ ቀጫጭን የብረት ዘሮች የተጎነጎነ ገመድ ይሻላል። ዘሩ በበዛ መጠን ገመዱ ይለዝባል፦ ባለ 7 ዘር ይደርቃል፣ ባለ 49 ግን እንደ ክር ይወድቃል። ለተለመደ ሐብል ከ0.36 እስከ 0.5 ሚሊሜትር ውፍረት በቂ ነው። ዕንቁ በሐር ክር ተሰክቶ በየመሐሉ ይቋጠራል፤ ቋጠሮው ዕንቁዎቹ እንዳይፋተጉ ያደርጋል፣ ክሩ ቢበጠስም የሚወድቀው አንድ ዕንቁ ብቻ ይሆናል።

የብረት ገመድ በቋጠሮ አይታመንም፤ በትንሽ የብረት ቱቦ ይያዛል። 2 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ቱቦ ከላይ ለተጠቀሰው ውፍረት ይስማማል። ገመዱ በቱቦው ውስጥ ያልፋል፣ በመቆለፊያው ቀለበት ይዞራል፣ ተመልሶም በቱቦው ውስጥ ይገባል። በዚህ ጊዜ ሁለቱ ገመዶች መደራረብ የለባቸውም፤ ጎን ለጎን ሆነው ሳለ በማሠሪያ ፒንሳው ውስጠኛ፣ ጨረቃ መሰል አፍ ቱቦው ይጨመቃል፣ በሁለቱ ገመዶች መሐልም ሸለቆ ይሠራል። ከዚያ ቱቦው በሩብ ዙር ዞሮ በውጪኛው ክብ አፍ ይታጠፋል። ልዩ ፒንሳው ካልተገኘ ቱቦውን በጠፍጣፋ ፒንሳ መጨፍለቅ ይሠራል፤ ጠርዙ ግን አንገት ስለሚቧጥጥ መሸፈኛ ቆብ ይደረግለታል። ትርፉ ገመድ ከቱቦው ሥር አይቆረጥም፤ 2 ወይም 3 ሳንቲሜትሩ ተመልሶ በዶቃዎቹ ውስጥ ገብቶ ይቀራል።

ሁለተኛው ጫፍ ከመጨመቁ በፊት ሐብሉ ክብ ተደርጎ ይያዛል። ዶቃዎቹ እስኪደድሩ የተወጠረ ሐብል ቆሞ ይቀራል፤ ገመዱም በቱቦው አፍ ላይ ብቻ ስለሚታጠፍ እዚያው ይበጠሳል። ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ነፃ ቦታ መተው ይህን ያስቀራል።

የአንገት መስቀል በጥቁር የጥጥ ወይም የሐር ማተብ የሚታሠር ከሆነ መቆለፊያ አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው የመስቀሉ ማንጠልጠያ ውስጡ መለስለሱ ነው። በእጅ ተሠርቶ ያልተሞረደ ማንጠልጠያ ክሩን በወራት ውስጥ ይበላዋል፤ በተጠቀለለ የብርጭቆ ወረቀት ከውስጥ ቢታሽ ክሩ ዕድሜ ያገኛል። ለቆዳ ገመድ ደግሞ የጫፍ መያዣው የውስጥ ስፋት ከገመዱ ውፍረት ጋር እኩል ሆኖ ይመረጣል። ጫፉ ሙጫ ተቀብቶ ይገባል፣ ለአንድ ቀንም ሳይነካ ይቆያል።

መቆለፊያ

መቆለፊያ የሚመረጠው በመልኩ ከሆነ ለባሹ ይቸገራል። አምባር በአንድ እጅ፣ ሐብል ደግሞ ሳይታይ ከማጅራት በኋላ ይቆለፋል፤ ጣቱ የሚንቀጠቀጥ አረጋዊ ትንሿን ምላስ መሳብ አይችልም። ሎብስተር የሚባለው ባለሞላ መቆለፊያ ለብዙ ሥራ አስተማማኝ ነው፤ 10 ሚሊሜትር ለተራ ሐብል፣ 12 ወይም ከዚያ በላይ ለከባዱ። ክቡ ባለሞላ መቆለፊያ ቀለል ያለና ርካሽ ነው፣ ለቀጭን ሰንሰለት ይበቃል፤ ከ5 ሚሊሜትር ያነሰው ግን ጥፍር ይፈትናል።

ዘንግና ቀለበት ያለው መቆለፊያ በአንድ እጅ ስለሚዘጋ ለአምባር ምቹ ነው። ዘንጉ በቀለበቱ ውስጥ የሚያልፈው ከዶቃዎቹ ጎን ተጋድሞ ስለሆነ፣ ከዘንጉ ቀጥሎ ያሉት ጥቂት ዶቃዎች በቀለበቱ ውስጥ የሚያልፉ ትናንሽ መሆን አለባቸው። ይህ ከተረሳ የተሠራው አምባር አይዘጋም። የሚይዘው በክብደት ውጥረት ስለሆነ በጣም ቀላል በሆነ ጌጥ ላይ ይለቅቃል። የኤስ ቅርጽ መንጠቆ በዚሁ ምክንያት ለከባድ ሐብል እንጂ ለአምባር አይደለም። ከሁሉ በቀላሉ የሚገጥመው የማግኔት መቆለፊያ ነው፤ ነገር ግን የልብ ምት መቆጣጠሪያ ለተተከለለት ሰው አይሰጥም፣ ማግኔት ከመሣሪያው ቢያንስ 15 ሳንቲሜትር መራቅ አለበትና። ሕፃናት ባሉበት ቤትም አደገኛ ነው፤ ሁለት ማግኔት የተዋጠ እንደሆነ በአንጀት ውስጥ ተሳስቦ ጉዳት ያደርሳል።

ለልጅ አንገት የሚሠራ ማንኛውም ጌጥ ሲሳብ የሚለቅ ቦታ ይኑረው። ቀጭን፣ ያልተበየደ ቀለበት ከመቆለፊያው አጠገብ ይደረጋል፤ ሌላው ሁሉ ከእርሱ ይጠነክራል።

የጆሮ ክፍሎች

የጆሮ መንጠቆ ሽቦ ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ከዚህ የወፈረው ቀዳዳውን ያስጨንቃል፣ የቀጠነው በክብደት ሥር ቆዳውን ይቆርጣል። አንድ ጉትቻ ከ5 ግራም ባይበልጥ ቀኑን ሙሉ ይለበሳል። ከ10 ግራም በላይ ከሆነ ለሰዓታት የሚለበስ የበዓል ጌጥ ነው፤ ክብደቱን ለማቅለል ወፍራሙ ዶቃ በውስጡ ክፍት በሆነ ይተካል።

ዕቃው በቤት ሲሠራ 5 ሳንቲሜትር የሚሆን የብር ሽቦ ይቆረጣል። በአንዱ ጫፍ በክብ አፍ ፒንሳ ዓይን ይሠራለታል፤ ሽቦው 10 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ባለው የእስክሪብቶ ወገብ ላይ ይታጠፋል፤ የኋላው ጫፍ ትንሽ ወደ ውጭ ይቀለበሳል። የጥንዱ ሁለት መንጠቆዎች አብረው ቢታጠፉ አንድ ዓይነት ይሆናሉ። ጫፉ በሞረድ ክብ እስኪሆን ይሞረዳል፣ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀትም ይለሰልሳል፤ በከንፈር ላይ ሲነካ የማይቧጥጥ ከሆነ ለጆሮ ደረሰ። በመጨረሻ የቀስቱ ራስ በለስላሳ መዶሻ በቀስታ ይመታል፤ ይህ ብሩን ያደድራል፣ መንጠቆውም በቀላሉ አይለጠጥም።

ጉትቻ ወደ ጎን ዞሮ የሚሰቀለው በአብዛኛው በቀለበት ቁጥር ነው። እያንዳንዱ ቀለበት ከሥሩ ያለውን በሩብ ዙር ያዞረዋል። የተለመደው መንጠቆ ዓይኑ ከመንጠቆው ጋር በአንድ አቅጣጫ ስለሚቆም፣ ከፊት ወደ ኋላ የተበሳ ሳንቲም ወይም ጠፍጣፋ ቅርጽ በቀጥታ ከዓይኑ ላይ ሲገባ ፊቱን ያሳያል፤ በአንድ ቀለበት ሲሰቀል ጎኑን ያሳያል፤ በሁለት ቀለበት ሲሰቀል ፊቱ ይመለሳል። ዓይኑ ወደ ጎን የተጠመዘዘ መንጠቆ ሲሆን ሒሳቡ ይገለበጣል። ሳይዘጋ በእጅ አንጠልጥሎ ማየት ድካም ይቀንሳል።

ክፍት መንጠቆ ከነጠላና ከሻሽ ጋር ሲያያዝ ይወጣል፤ ከኋላ ትንሽ የጎማ መያዣ ቢደረግለት አይጠፋም። ወደ ኋላ የሚዘጋው ባለማጠፊያ መንጠቆ ውድ ለሆነ ድንጋይ ይመረጣል። ለሎቲ የሚሆነው ቀጥ ያለ ዘንግ ከ10 እስከ 11 ሚሊሜትር ይረዝማል፤ ጆሮው ወፍራም ለሆነ ሰው ይህ ስለሚያንስ የኋላ መያዣው ሥጋውን ይጫናል።

ሙጫና ድንጋይ

ድንጋይ በሎቲ ሳህን ላይ የሚለጠፍ ከሆነ ሁለት ክፍል ያለው ኤፖክሲ ይሻላል። ሱፐር ግሉ ፈጥኖ ይይዛል፤ ሲደርቅ ግን ተሰባሪ ነው፣ እንፋሎቱም በድንጋዩ ዙሪያ ነጭ ጭጋግ ይተዋል። የሳህኑ ፊት በብርጭቆ ወረቀት ይቧጠጣል፣ ሁለቱም ፊቶች በአልኮል ይጠረጋሉ፣ ኤፖክሲው በስሱ ተቀብቶ 24 ሰዓት ሳይነካ ይቆያል።

የወሎ ኦፓል ለብቻው መታየት አለበት። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በደላንታ፣ በወገል ጤና አካባቢ እየወጣ ለዓለም ገበያ የቀረበው ይህ ድንጋይ አብዛኛው ውኃ ይመጥጣል። ሲርስ ግልጽ ይሆናል፣ የቀለም ጨዋታውም ለጊዜው ይደበዝዛል፤ ሲደርቅ ይመለሳል። ዘይት፣ ሽቱ፣ ሳሙናና ቀለም ግን በውስጡ ሊቀሩ ይችላሉ። ስለዚህ ቀጭን ፈሳሽ ሙጫ አይነካውም፤ ብር በሚያጸዳ ፈሳሽ ውስጥም ከነማያያዣው አይነከርም። ለእርሱ ተመራጩ በሙጫ ሳይሆን በዙሪያው በታጠፈ የብር ጠርዝ ወይም በጥፍር የሚይዝ መቀመጫ ነው። ማንኛውም የእሳት ሥራ ድንጋዩ ከመግባቱ በፊት ያልቃል።

በእሳት መዝጋት

ዘወትር የሚለበስ ከባድ ሐብል ማንጠልጠያው ቢበየድ ይመረጣል። የቀለበቱ ጫፎች ያለ ክፍተት ይገጠማሉ፤ ብየዳ ክፍተት አይሞላም። መገጣጠሚያው ቦራክስ ይቀባል፣ ትንሽ ቁራጭ የብየዳ ብር ይቀመጥበታል፣ ነበልባሉም ቁራጩን ሳይሆን ቀለበቱን ዙሪያውን ያሞቃል። ብየዳው ወደ ሞቀው ብረት ስለሚፈስ አንድ ወገን ብቻ ከሞቀ ወደዚያ ይሸሻል። ጠንካራው የብየዳ ብር በ780 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይፈሳል፤ 925 ብር ራሱ ከ800 በላይ መቅለጥ ይጀምርና በ900 አካባቢ ፈጽሞ ይቀልጣል። ልዩነቱ ጠባብ በመሆኑ ብየዳው ብልጭ ብሎ እንደፈሰሰ እሳቱ ይነሣል። በአንድ ዕቃ ላይ ሁለት ብየዳ ካለ መጀመሪያ ጠንካራው፣ ቀጥሎ በዝቅተኛ ሙቀት የሚፈሰው ይሠራል።

ለሬዲዮ ጥገና የሚውለው ስታኞ በብር ላይ አይነካም። እርሳስና ቆርቆሮ ያለበት ጥገና በኋላ በእሳት ሲሞቅ ወደ ብሩ ውስጥ ይበላል፣ ጉድጓድም ያወጣል፤ አንጥረኛ እንዲህ ያለ መስቀል ሲመጣለት መጀመሪያ የሚያደርገው ስታኞውን ፍቆ ማውጣት ነው። መሣሪያው ለሌለው ሰው ቀለበቱን ለአንጥረኛ ሰጥቶ ማስበየድ ከሙከራው ይረክሳል።

መፈተንና ማቆየት

ያለቀው ሐብል በመንጠቆ ላይ ተሰቅሎ፣ ከክብደቱ እጥፍ የሚሆን ነገር ከሥሩ ታሥሮ አንድ ሌሊት ያድራል። በማግስቱ እያንዳንዱ ቀለበት በጥፍር ይፈተሻል፤ ክብነቱን የለቀቀ ካለ በወፈረ ይለወጣል። መቆለፊያው ብዙ ጊዜ ተከፍቶ ይዘጋል፤ ምላሱ ወደ ቦታው ቀስ ብሎ የሚመለስ ከሆነ ሞላው ደክሟል፣ አይጠገንም።

ብር የሚጠቁረው በአየር ውስጥ ካለ የሰልፈር ውሁድ ጋር ሲገናኝ ነው። አየር በማያስገባ ትንሽ ፕላስቲክ ከረጢት መቀመጡ ያዘገየዋል፤ ብርን በጎማ ላስቲክ አሥሮ ማስቀመጥ ግን ያፋጥነዋል። ለሌላ ሰው የሚሰጥ ወይም የሚሸጥ ጌጥ ከሆነ በዚያው ልክ የተሠሩ ሁለት ትርፍ ቀለበቶች አብረው በከረጢቱ ይገባሉ።

የመጨረሻው ፍተሻ በነጠላ ይደረጋል። ጌጡ ከፊትም ከኋላም በስሱ ጨርቅ ላይ በቀስታ ይጎተታል፤ ክር የሳበበት ቦታ ያልተጫነ የሽቦ ጫፍ ወይም ያልተዘጋ ቀለበት አለበት። ቦታው ተፈልጎ ይሞረዳል ወይም ይዘጋል፣ ጨርቁም ሳይያዝ እስኪያልፍ ድረስ ፍተሻው ይደገማል።